አርባ ሰከንድ

ገመዱን የቆረጠች ልጄ ናት፣ ሲርካ፤
የወር ሂሳቤን በእስክሪብቶ ነካ
ነካ አድርጋ፣ «ሁለት መቶ ጣቢያ! ስንቱን ታየዋለህ?
ላላየኸው ሁሉ ለምን ትገብራለህ?»
እውነቷን ነው። አንዱ ቀለበት ይሸጣል፣
አንዱ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ይከትፋል፤
እኔ የምፈልገው፣ የቅዳሜ ማታ፣
ጥቁሯ ክብ ጎማ በዱላ ተመትታ
መረብ ስትነካ ማየት ነው። ሌላው ትርፍ ነው።

ሽቦው ከሶፋው ጀርባ፣ የሠላሳ ዓመት አቧራ ለብሶ፣
እንደ አሮጌ ሥር ተነቀለ፤ ግድግዳው ላይ ቀዳዳው ቀረ።
በምትኩ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቁራጭ ሰካችልኝ።
የይለፍ ቃል ተጠየቅሁ። የሟች ሚስቴን ስም ጻፍኩ፤
«ደካማ ነው» አለኝ።
የብረት ምድጃ በጀርባዋ ደረጃ ያወጣችውን ሴት!
የሞተችበትን ዓመት ጨመርኩበት፤
«አሁን ጠንካራ ነው» ብሎ ተቀበለኝ።

የተንደር ቤይ በረዶ እስከ ሚያዝያ አይለቅም።
ቤታችን መንታ ነው፣ ግድግዳችን አንድ፤
በወዲያኛው ወገን ኦሬስት አለ። ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ
ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ማሽን አብረን ነዳን።
እሱ ሽቦውን አልቆረጠም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ። ስክሪኔ ላይ ገና መሃል ሜዳ ሲገፋፉ
ከግድግዳው ወዲያ «ገባች!» አለ።
የቷ? በየት? አፍጥጬ ቀረሁ።
አርባ ሰከንድ ቆይታ ገባች፤
ፍጻሜው ቀድሞ እንደተነገረ ቀልድ፣
እንደ በረደ ሾርባ።
ሲርካን ደውዬ ብጠይቃት፣
«የእሱ በሽቦ ነው፣ አባዬ፤ ያንተ ከደመና።»
ከደመና የሚመጣ ነገር መቼ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል!

እንዲህ ነቢይ ጎረቤት ይዤ ከረምኩ።
ወለሉን በእግሩ ከመታ ስተናል፤ ካቃሰተ ገብቶብናል፤
ዝም ካለ ምንም የለም፣ ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ፤
የእሱን ዛሬ ሰምቼ የእኔን ነገ አያለሁ።

የበረዶ አካፋውን ልመልስ ሄጄ በቀልድ ጣል አደረግሁ፤
«ኦሬስት፣ ጎሎቼን ሁሉ ቀድመህ በላህብኝ።»
ጺሙን አሸ። ምንም አላለም።

መጋቢት፣ የጥሎ ማለፉ ማታ። ሁለት ለሁለት፤ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።
ግድግዳው ጸጥ። አንድ ቃል የለም፣ አንድ እግር የለም።
ልቡን ያመዋል፤ ለባለፈው ገና አምቡላንስ መጥቶለት ነበር።
ልሂድ ብዬ ተነስቼ፣ አንድ እጄ ካፖርቴ እጅጌ ውስጥ፣
ስክሪኑ ላይ ያ ቀጭን ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣
ከግብ ጠባቂው ትከሻ በላይ...
ገባች! ማንም ሳይነግረኝ ገባች!
ጮህኩ፤ ግድግዳውም ከእኔ ጋር ጮኸ፣
በአንድ ትንፋሽ፣ የተሰቀሉት ፎቶዎች እስኪወዛወዙ።

ምሥጢሩን ሚስቱ ዳሪያ በአጥር በኩል አወጣችው፤
«ጎል ሲገባ ፎጣ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣
ፊቱ ቀይ ሥር ይመስላል፣
‹ቶይቮ ገና አላየም፣ ቶይቮ አላየም› እያለ
አንተ እስክትጮህ ይጠብቃል።
አንድ ቀን ያን ፎጣ ይውጠዋል!»
ሰው ኀዘኑን «ሆድ ይፍጀው» ሲል ሰምቻለሁ፤
ደስታውን ለጎረቤት ብሎ የሚያፍን ግን
ይኸው በስተርጅና።

ትናንት ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ያገባ ያሸንፋል።
ኢንተርኔቱ ቆመ። ተጫዋቾቹ እንደ ደረቀ ዓሣ ቀጥ አሉ፤
መሃላቸው ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች።
ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።
ከዚያ ዝም። ያ የፎጣ ዝምታ።
አሥር። ሠላሳ። አርባ። ሃምሳ።
ክቧ ትዞራለች። ሰውየው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልቡም ልብ አይደለም።
ማን እንዳገባ ሳላውቅ፣ ምንም ሳላይ፣
አፌን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ
«ገባች!» ብዬ ጮህኩለት፣
ትንፋሹን እንዲያወጣ።